ለገብርኤል የተሳለው ፀጉር

ሕፃኗ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ተኝታለች። እናቷ በራስጌ በኩል ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ወንበር ሰጥተዋት ነበር፣ አልተቀመጠችም። ታላቅ እኅቷ በግርጌ በኩል የአልጋውን ብረት ጨብጣለች። ሁላችንም «ሲስተር» የምንላት ነርስ በአልጋውና በመድኃኒት ጠረጴዛው መካከል ናት። ባለሱቁ ጎረቤታችን በሩ ላይ ነው፤ አንድ እግሩ ክፍሉ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ኮሪደሩ ላይ፣ በብብቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆርቆሮ ይዟል። እኔ ከበሩ ጀርባ፣ ከውኃ ባልዲው አጠገብ ነኝ። ዶክተሩ አልነበረም፤ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቶ ነበር።

የምጽፈው ስለዚያ ጠዋት ነው። እነዚህ ሰዎች እዚያ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደተሰበሰቡ ግን አስቀድሜ መናገር አለብኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሀዋሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የምኖረው ከፒያሳ ጀርባ፣ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ በቀበሌ ቤት ነው። ከግቢው ቤቶች አንዷ ክፍል የኔ ስትሆን የቀረው የጎረቤቴ ነበር። ጎረቤቴ በባሏ ሥራ ምክንያት ከሰሜን የመጣች ሴት ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የአሰብ መንገድ ላይ ነው። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። እሷ ግን ደመወዝተኛ መሆኔንም ከቁም ነገር ሳትቆጥር «አንቺ ልጅ» ነበር የምትለኝ። ጨው ሲያልቅባት በእኔ በር ትመጣለች፤ ከሰል ሲያልቅብኝ በሷ በር እሄዳለሁ።

ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። በሁለቱ መካከል የወለደቻቸው ወንዶች በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ትንሿን እንደወለደች ለገብርኤል ተሳለች። ይህችን ከተውክልኝ ፀጉሯን መቀስም ምላጭም ሳላስነካ አሳድጌ፣ ስድስት ዓመት ሲሞላት በሐምሌ በዓልህ ደጅህ ላይ አስላጫታለሁ፣ ፀጉሩንም ለአንተ አስገባለሁ አለች። ልጂቱ አደገች። ፀጉሯም አደገ። ጥቁር፣ ወፍራም ፀጉር ነበር፤ ሲፈታ ጀርባዋን ይሸፍናል። እናቷ በዚያ ፀጉር ላይ የማታጠፋው ጊዜ አልነበረም። ሹፌሩ ሲመጣ «ይቺን ልጅ ቶሎ ብለሽ አስላጪልኝና እኔም ሚስት ይኑረኝ» እያለ ይቀልድ ነበር።

ስለቱ የሚደርስበት ዓመት መጣ። ሐምሌ ሲገባ ትንሿ በወባ ወደቀች። ተነሣች፤ ግን አጥንቷ ብቻ ነበር የተነሣው። ተኝታ በከረመችበት ጊዜ ራሷን ቅማል ወረሰው። ታከዋለች፤ ቆዳው ተልጦ ቆሳስሏል። እናትየዋ ይህን ስታይ አንድ ነገር ብቻ ነው የታሰባት፤ በዓሉ ደርሷል፣ ቅማል ያለበት ፀጉር ደግሞ ለገብርኤል አይገባም።

ቤቷ ውስጥ አንድ ብልቃጥ ነበር። ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው፣ ከስልጤ አገር የመጣ ነጋዴ፣ የእህል መጋዘኑን ግድግዳ ለነቀዝ የሚረጨው መድኃኒት ነበረው። ከዚያ በፊት የአልጋዋ ትኋን አላስተኛ ብሏት ስታማርር ሰምቶ ጥቂት ቀድቶ ሰጣት። አንድ ክዳን በአንድ ባልዲ ውኃ በጥብጠሽ የአልጋው ስንጥቅ ውስጥ አድርጊው አላት። እንደነገራት አደረገች። ትኋኑ አለቀ። ብልቃጡ ውስጥ ግን ብዙ ተረፈ።

ውኃ ፀጉር ያደርቃል ብላ አሰበች። ለበዓሉ ፀጉሩን ቅቤ መቀባቷ ደግሞ አይቀርም። ስለዚህ የተረፈውን መድኃኒት ለጋ ቅቤ ላይ ገልብጣ ለወሰችው። ትልቋም ከታናሿ ተጋብቶባት ስለነበር ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጣ ቀባቻቸው። የትንሿን ፀጉር ከሥሩ እስከ ጫፉ አጠጣችው። ለሁለቱም ሻሽ ጥርቅም አድርጋ አሰረችላቸውና አስተኛቻቸው። እኔ በዚያ ምሽት መሠረተ ትምህርት ሳስተምር አምሽቼ ስለገባሁ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ትንሿ ምራቋ ሳይቋረጥ እየወረደ፣ ሆዷን ይዛ ትንፈራገጣለች። ላቧ ልብሷን አርሶታል። ከሴቶቹ አንዷ ወባው አገረሸባት ትላለች፣ ሌላዋ ሰው አይቷት ነው ትላለች። ወተት አጠጥተዋታል፤ አልቆየላትም። ጋሪ ጠርቼ አሳፈርናትና ወደ ሆስፒታል ሄድን። ባለጋሪው ልጂቱን አንዴ ዞር ብሎ አየና ፈረሱን እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አላሳረፈውም።

ዶክተሩ ዓይኗን በባትሪ አየ። ብሌኗ ጠቦ ጠቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሎ ነበር።

«ምን ጠጣች?» አለ።

«ምንም» አለች እናትየዋ።

«የተባይ መድኃኒት ቤታችሁ ውስጥ አለ?»

«አለቀ። የአልጋ ነበር።»

አልዋሸችም፤ ብልቃጡ ባዶ ነበር። የተጠየቀችው ስለሚጠጣ ነገር ስለመሰላት ቅቤውን አላነሣችውም። ዶክተሩ ጠርጥሮ መርፌ ወጋት፤ እየቆየ ደገመላት። ልብሷን አስለወጠ፣ ገላዋን አስጠረገ። ሻሹን ሊፈቱ ሲሉ እናትየዋ «የስለት ነው፣ ራሷን አትንኩብኝ» ብላ ለመነቻቸው፤ ተዉላት። ማታ ላይ ምራቋ ደረቀ፤ ልጂቱ እንቅልፍ ወሰዳት። እናትየዋ መሬቱን ሳመች።

ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ትልቋን ይዤ ስመጣ እንደገና ብሶባታል። ምራቁ ተመልሷል። ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ውኃ ያለ ይመስላል። የዓይኗ ሽፋን ለብቻው ይርገበገባል። ሲስተር ተረኛ ሆና የገባችው በዚያን ሰዓት ነው። እጥር ያለች፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። አንድ መርፌ ከወጋቻት በኋላ ትንፋሿን ልታዳምጥ ጎንበስ ስትል አፍንጫዋ ሻሹ አጠገብ ደረሰ። እዚያው ቆየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው» አለች እናትየዋ።

«ቅቤ አውቃለሁ። ከቅቤው ጋር ያለውን ነው የጠየቅሁት።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረቻት።

ሲስተር አልጮኸችም። ሻሹን ፈትታ በመቆንጠጫ ይዛ ባልዲ ውስጥ ጣለችው። ሥራዬን ከእናትየዋ ሰምታ ነበርና ወደ እኔ ዞር ብላ «ጓድ ታይፒስት፣ የሰጣትን ሰውዬ ከነቆርቆሮው አምጪልኝ። ብልቃጥ አይደለም፤ ጽሑፍ ያለበትን» አለችኝ። ባለሱቁ ነገሩን እንደሰማ ሚዛኑ ላይ የነበረውን ስኳር እዚያው ትቶ ሱቁን ዘጋ። በጋሪ ስንሄድ «ወላሂ ለአልጋ ብዬ ነው፣ ወላሂ ለአልጋ ብዬ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረም።

እንግዲህ በመጀመሪያ የቆጠርኳቸው ሰዎች በየቦታቸው የቆሙት እንደዚህ ነው።

ሲስተር በዚህ መሐል ፀጉሩን በሳሙና ልታጥበው ሞክራለች። ጉንጉኑ በቅቤው ተጣብቆ እንደ ገመድ ጠንክሯል። ውኃው ላዩ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ ውስጥ አይገባም። ቆርቆሮውን ከባለሱቁ ተቀብዬ ጽሑፉን እንድነግራት አዘዘችኝ፤ እጇ ልጂቱ ላይ ነበር። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ቆዳ ከነካ ልብስ አውልቆ ወዲያው በብዙ ውኃና ሳሙና መታጠብ ይላል፤ በአፍም፣ በትንፋሽም፣ በቆዳም ይገባል ይላል። እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ ነገርኳት።

«ሰማሽ?» አለቻት እናትየዋን። «በአፏ አይደለም የገባው። ፀጉሩ መቆረጥ አለበት፤ አሁን።»

«አይቆረጥም።»

«ልጅሽ እኮ ናት።»

«ልጄ መሆኗን አንቺ አትነግሪኝም!» አለች እናትየዋ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሲስተር፣ አትቀየሚኝ። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ዓይን አለኝ። ከአንድ ሳህን፣ በአንድ እጅ፣ ሁለቱንም ነው የቀባኋቸው። ትልቋ ይኸውና ቆማለች። መርዝ ከሆነ እሷን ለምን ተዋት? እኔስ እጄን እስከ አንጓዬ ነክሬበት የለም? ወባው ነው የተመለሰባት። በበዓሉ ዋዜማ ለወባ ብዬ ስለት አላፈርስም። ሁለት ቀብሬያለሁ እኮ።»

ክፍሉ ውስጥ የተማርን የምንባለው ሲስተርና እኔ ነበርን። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፤ ስለቱን የምታፈርሰው በምን ማስረጃ ነው? ቆርቆሮው ላይ ያነበብኩት ነገር ትልቋ ለምን ደኅና እንደሆነች አይናገርም። ሲስተር ወደ ትልቋ ዞረች።

«ነይ እስቲ አንቺ» አለቻት።

ልጂቱ የአልጋውን ብረት ለቅቃ መጣች። ሲስተር ሻሿን ገፋ አድርጋ ራሷን አሸተተች። በጣቷ ፀጉሯን ፈልቀቅ አደረገችና ሳቅ አመለጣት።

«እናንተ ቤት ቅቤ የሚነጠረው በሳሙና ነው እንዴ?»

ልጂቱ ቀና ብላ እናቷን አየችና አቀረቀረች።

«ንገሪያት፤ አትመታሽም። ብትመታሽ እኔ አለሁ።»

«ሐይቅ ዳር… ከሰፈር ልጆች ጋር ልብስ ልናጥብ በማለዳ ስንሄድ» አለች ልጂቱ። «ግንባሬን አቃጠለኝ። ታጠብኩት።»

«መቼ?» አለች እናትየዋ።

«በነጋታው። ሳሙናውን ጨርሼብሽ ነው። እንዳትቆጪኝ ሻሹን መልሼ አሰርኩት።»

የእናትየዋ እጅ ብድግ አለ፤ ከዚያ ወረደ።

ሲስተር ትልቋን በትከሻዋ ይዛ ወደ እናቷ አዞረቻት። «እያት» አለች። «ከታናሿ እጥፍ ትሆናለች። ፀጉሯ ጣት አያህልም፤ ምን ያህል ቅቤ ይይዛል? የራሷ ቆዳ ደኅና ነው። ሳይቆይባት በሳሙና አውርዳዋለች። አሁን ደግሞ ይቺን እያት። ወባ ጨርሷታል። ራሷ በሙሉ ቁስል ነው፣ በር ተከፍቶለት ገባ ማለት ነው። ያ ሁሉ ፀጉር ያንን ሁሉ ቅቤ ተሸክሞ፣ በሻሽ ታፍኖ፣ ስትተኛም ስትነቃም ሲያጠጣት ነው የከረመው። ትናንት ለምን ተሻላት? በመርፌው። ዛሬ ለምን ባሰባት? እኛ ከሥር ስንቀዳ ፀጉሩ ከላይ ይሞላላ!»

«እጄስ?»

«እጅሽን አልታጠብሽም?»

«ታጠብኩ እንጂ። በሳሙናም፣ በአመድም።»

«ራስሽን አላመመሽም?»

እናትየዋ «ዓይኔን ጭልም ይለኛል፤ ከልቅሶው መስሎኝ» አለች።

«ከልቅሶው አይደለም። አንቺንም ነክቶሻል፤ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ቶሎ ታጥበሻል፣ ስለዚህ በዚህ ለቀቀሽ።»

ባለሱቁ ከበሩ ላይ «አንድ ክዳን በባልዲ ውኃ ብያት ነበር፣ ሲስተር። በውኃ ነው ያልኳት» አለ።

«ብለውኛል» አለች እናትየዋ ወደሱ ሳትዞር። «ለአልጋው ብለውኛል። በእርስዎ ላይ ምንም የለኝም፣ ጋሼ።»

«ያንን ያለ ውኃ ነው ቅቤ ውስጥ የገለበጥሽው» አለች ሲስተር። «ለባልዲ የሚበቃው ክዳን ነው፤ አንቺ የብልቃጡን ግማሽ ለአንድ ራስ። ቅቤ ደግሞ ቆዳ ውስጥ መግቢያውን ያውቃል፤ ለዚያ አይደል የምንቀባው?»

ይህን ስትል ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። እናትየዋ ከዚህ በኋላ ያነሣችው ስለ መርዙ አልነበረም።

«ገብርኤልን ምን ልበለው?» አለች።

ሲስተር የነጭ ካፖርቷን አንገት ገለጥ አድርጋ ማተቧን አሳየቻት። በዚያ ዘመን በመሥሪያ ቤት ማተብ ወደ ውጭ አይወጣም ነበር። «እኔም የሱ ነኝ፤ ማኅበርም አለኝ» አለች። «ግን ስለ ስለት እኔ አልፈርድልሽም። የኔ ሥራ ይሄ አይደለም።»

«የንስሐ አባትሽን ላምጣልሽ?» አለ ባለሱቁ። «ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ ስኳር ከኔ ነው የሚወስዱት። ጋሪው ውጭ ቆሟል።»

«እርስዎ ቄስ ሊያመጡ!» አለች ሲስተር።

«ምን አለበት? እሳቸውም ለኔ ሼህ ያመጡልኛል።»

ትልቋ ልጅ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። እናትየዋ አልሳቀችም፤ የትንሿን ፊት ነበር የምታየው። የዓይኗ ሽፋን እየርገበገበ ነው። ከከንፈሯ ጥግ የወረደው ምራቅ ትራሱን አርሶታል። እናትየዋ በእጇ መዳፍ ጠረገችላት፤ ወዲያው ሞላ። እንደገና ጠረገችላት።

«መቀስ ስጡኝ» አለች። «ሌላ እጅ አይነካውም። ለሱ ያልኩትን እኔው ነኝ የማነሣው።»

ሲስተር ጓንት አምጥታ ራሷ አጠለቀችላት። በዚያን ጊዜ ጓንት እየታጠበ በገመድ ላይ የሚሰጣ ነገር ነበር፤ አንዱ ጣት ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል። «ምላጭ አታስቢ» አለቻት። «ብትቧጭሪያት አዲስ በር ነው የምትከፍቺለት። በመቀስ፣ እስከ ቆዳዋ ጠጋ ብለሽ።» እኔን ውኃ አሞቂ፣ ሳሙና ፈቅፍቂ አለችኝ። ባለሱቁ ጋዜጣውን ከቆርቆሮው ላይ ፈትቶ ወለሉ ላይ ዘረጋው፤ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ጀርባውን ሰጠን።

የመጀመሪያው ጉንጉን ለመቆረጥ አስቸገረ። መቀሱ ይንሸራተታል። እናትየዋ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣትም። ሁለተኛው ቀለለ። ከዚያ በኋላ እጇ ልማዱን አገኘ መሰለኝ፣ ፀጉር እንደምትሠራበት ጊዜ ልጂቱን በአገጯ ይዛ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞረች ቆረጠች። ጋዜጣው ላይ የተከመረው ፀጉር ከሕፃኗ ራስ የሚበልጥ ይመስል ነበር። ሥሩ ሲገለጥ ቁስሉ ታየ። እናትየዋ ቆም አለች።

«ይበቅላል?» አለች።

«የማን ፀጉር ነው የማይበቅለው? የዶክተራችን ካልሆነ» አለች ሲስተር።

«ፀጉሩን ልውሰደው?»

«አትወስጂውም። አይነካም፣ አይቃጠልም፤ ጭሱም ያው ነው። ዘበኛው ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብረዋል።»

እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው የሚበቅለውን እሰጠዋለሁ» አለች፤ ለማን እንደተናገረች አላውቅም። «አሁንም ሀ ብዬ።»

ከዚያ ሳሙናው መጣ። ሲስተር ታጥባለች፣ እኔ አፈስሳለሁ፣ ትልቋ ባልዲውን ትቀያይራለች። የመጀመሪያው ውኃ የቅቤ ዓይን እያወጣ ወረደ፤ ሽታው ከፍ ብሎ አፍንጫችንን መታን፤ ሲስተር መስኮቱን አስከፈተችን። ቀጥሎ ያለው ደፈረሰ። አረፋው ነጭ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ ደጋገምነው። ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከማጅራቷ፣ ከጥፍሯ ሥር ሳይቀር አጠብናት፤ ስታከው ጥፍሯ ውስጥ ቅቤ ገብቶ ነበር። አንሶላውና ትራሱ ተቀየሩ። ዶክተሩ ከቀዶ ጥገና ሲወጣ መጥቶ ዓይኗን አየ፣ ደረቷን አዳመጠ፣ አንድ መርፌ ጨመረላት። የተላጨች ስትመስል አይቷት የራሱን መላጣ በእጁ ደባበሰና «እንኳን ደኅና መጣሽ» አላት። ሲስተር ለሳቅ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ያ መርፌ እንደ ትናንትናው ለጊዜው ብቻ የሚያሻላት ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም ነበር። ቁጭ ብለን ጠበቅን። እናትየዋ አሁን ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ባለሱቁ በሩ ላይ ተመልሶ ቆሟል፤ ሱቅዎን ይክፈቱ ብለው፣ «ሱቅ የትም አይሄድም» አለኝ። ሲስተር ሌሎች በሽተኞቿን እያየች በመጣች ቁጥር የልጂቱን ክንድ ሥር በእጇ እየነካች ላቧን ታያለች። አንድ ጊዜ ነካችና ለእናትየዋ «ንኪ» አለቻት። እናትየዋ ነካች። ደረቅ ነበር። ትራሱም ደረቅ ነበር። የዓይኗ ሽፋን መርገብገቡን ትቷል።

ፀሐይ ከመስኮቱ ስታልፍ ልጂቱ ዓይኗን ገለጠች። ብሌኗ ትንሽ ሰፋ ብሏል፤ ሲስተር በባትሪው እያየች «ሄደልሽ፣ ሄደልሽ» አለች። ልጂቱ እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ፈለገች። ወደ ትከሻዋ ወረደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ፈለገች።

«እማዬ፣ ራሴን ማን ወሰደው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናትየዋ።

«መልሺው።»

«እሺ።»

«በረደኝ።»

ትልቋ የገዛ ሻሿን ልትፈታ ስትል ሲስተር «ያንን አይደለም! ንጹሕ አለ» ብላ ከቁም ሳጥን ነጭ ጨርቅ አወጣች። ልጂቱ ጨርቁን ሲያስሩላት እንጀራ ጠየቀች። ሲስተር መጀመሪያ ሻይ ትጠጣ አለች። ባለሱቁ ሻይ ፍለጋ ኮሪደሩን ይዞ ሄደ፤ ጫማው ሲያንኳኳ ይሰማ ነበር።

ከአለቃዬ ያገኘሁት ፈቃድ እስከ ምሳ ሰዓት ነበር። እጄን ደግሜ በሳሙና ታጠብኩ። ቦርሳዬን ከበሩ መንጠቆ ላይ አወረድኩና ወጣሁ።